ሕፃኑ መቁጠር ያውቃል፤ ምዘናው ግን አልጠየቀውም

የሰነዱ ፍሬ ነገር

በአሜሪካ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ የአምስት ዓመት ልጅ ትምህርት በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመዘናል። ፊደላትን ይለያል ወይ? የቃላትን ድምፅ ይነጣጥላል ወይ? እስከ ስንት ይቆጥራል? መልሶቹ ልጁ በየትኛው የንባብ ቡድን እንደሚመደብ፣ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያገኝና ወላጆቹ ስለ እርሱ ምን እንደሚነገራቸው ይወስናሉ። በቤቱ አማርኛ እየሰማ ላደገ ልጅ ግን እነዚህ ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚቀርቡለት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ልጁ ስለ ቁጥርና ስለ ድምፅ የሚያውቀውን አይገልጽም፤ የጠያቂውን ቋንቋ ምን ያህል እንደተረዳ ብቻ ይገልጻል።

ይህ ሰነድ የሚከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ በመዋዕለ ሕፃናት የሚሰጥ የንባብና የሒሳብ ምዘና ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነም በሁለቱም መሰጠት አለበት። ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ለሄድ ስታርት ፕሮግራሞች በ2016 ያወጣው ደንብ ይህንኑ ያዝዛል። ለአራት ዓመት ልጅ የታወቀ መርሕ ልጁ አምስት ዓመት ሞልቶት የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ሲገባ የሚቀርበት ትምህርታዊ ምክንያት የለም። (በሰነዱ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ተተርጉሟል፤ ምዘናው ግን አልተተረጎመም

የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የቋንቋ መብት ጥያቄውን በከፊል አስመልሷል። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ከወጣ ወዲህ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚያዘጋጁባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚላኩ መረጃዎችን በአማርኛ ያወጣሉ። ይህ የብዙ ሰዎች ልፋት ውጤት ነው፤ ሊናቅም አይገባውም።

በዚያው ጊዜ ውስጥ ግን ሌላ የሕግ ማዕበል ተነሥቷል። ሜሪላንድ በ2019፣ ዲሲ በ2020፣ ቨርጂኒያ በ2022፣ ሚኒሶታ በ2023 ተማሪዎች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ለንባብ ችግር ያላቸው ተጋላጭነት እንዲመረመር የሚያስገድዱ ሕጎችን አውጥተዋል። ካሊፎርኒያም በ2023 ተመሳሳይ ግዴታ ደንግጋለች። የሕጎቹ ዓላማ ትክክል ነው። የንባብ ችግር በሦስተኛ ክፍል ከሚታወቅ በአምስት ዓመት ዕድሜ ቢታወቅ ለልጁ ይሻላል፤ ስለ ድምፅና ስለ ፊደል ግንኙነት በግልጽና በቅደም ተከተል ማስተማር እንደሚጠቅምም የብሔራዊ የንባብ ፓነል የ2000 ሪፖርት ካረጋገጠ ቆይቷል።

እነዚህ ሁለት ጅረቶች እስካሁን አልተገናኙም። ለእናትየው ስለ ምዘናው የሚገልጽ ደብዳቤ በአማርኛ ይደርሳታል፤ ምዘናው ራሱ ግን ልጇን በእንግሊዝኛ ይጠይቀዋል። ከእንግሊዝኛ ሌላ በሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ የንባብ መለኪያ ሲገኝም በአብዛኛው በስፓኒሽ ነው። መንግሥት ወላጁን በቋንቋው አነጋግሮ ልጁን በባዕድ ቋንቋ ሲለካ የቋንቋ መብት አክብሬአለሁ ሊል አይችልም። ዕጣው የሚወሰነው ልጁ በተጠየቀበት ክፍል ውስጥ ነው።

በሒሳብ የሚጠፋው ዕውቀት

«ሒሳብ ቋንቋ የለውም» የሚለው አባባል በመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሐሰት ነው። በዚያ ዕድሜ ሒሳብ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቃል ነው። ዲሲና ሜሪላንድ በተቀበሉት የኮመን ኮር ደረጃዎች መሠረት አንድ ልጅ ዓመቱን ሲጨርስ በአንድ አንድና በአሥር አሥር እስከ 100 እንዲቆጥር፣ እስከ 20 የሚደርሱ ዕቃዎችን ቆጥሮ ብዛታቸውን እንዲናገር፣ ሁለት ክምሮችን አነጻጽሮ የሚበልጠውንና የሚያንሰውን እንዲለይ፣ እስከ 5 ባሉት ቁጥሮች በቅልጥፍና እንዲደምርና እንዲቀንስ ይጠበቃል። አምስት ቁልፎችንና ሦስት ቁልፎችን ጎን ለጎን አይቶ «የትኛው ያንሳል? በስንት ያንሳል?» ሲባል የሚመልስ ልጅ፣ «ፊወር» የሚለውን ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ ብቻ ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ብዛት ማነጻጸር አይችልም» ተብሎ ነው።

ከደረጃዎቹ አንዱ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። ልጁ ከ11 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች ከአንድ አሥርና ከተጨማሪ አንዶች የተሠሩ መሆናቸውን መረዳት አለበት። የቁጥር የቦታ ዋጋ ትምህርት፣ ከእርሱም በኋላ የሚመጣው መደመርና መቀነስ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ይህን እውነት ይሸፍነዋል። «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» በሚሉት ስሞች ውስጥ አሥር አይሰማም። በ«ሰርቲን» እና በ«ፊፍቲን» ውስጥ ሦስትና አምስት መልካቸውን ቀይረዋል፤ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» ደግሞ በሕፃን ጆሮ በቀላሉ ይምታታሉ። አማርኛ ግን ነገሩን በግልጽ ይናገራል፦ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። መምህሯ በቁልፎችና በሣጥን ለሳምንታት የምታስተምረውን ሐሳብ የቋንቋው የቁጥር ስም ራሱ ተሸክሞታል።

የቁጥር ስም አወጣጥ በሕፃናት ሒሳብ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው በጥናት ታይቷል። ኬቪን ሚለርና ባልደረቦቹ በ1995 ባሳተሙት ንጽጽር የአሜሪካና የቻይና ሕፃናት እስከ አሥር በመቁጠር ብዙም አይለያዩም ነበር፤ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው የእንግሊዝኛው ስያሜ ሥርዓት ከሚዛነፍበት ከአሥር በኋላ ነው። አማርኛ እንደ ቻይንኛ ሙሉ በሙሉ ሥርዓታዊ ነው ማለት አይደለም፤ ሃያ፣ ሠላሳና አርባ በቃል መያዝ አለባቸው። በመዋዕለ ሕፃናቱ ወሳኝ ክፍል፣ ከ11 እስከ 19 ባለው ግን፣ አማርኛ የሚናገረው ልጅ መንገዱ ከፊቱ ተጠርጎለታል። ትምህርት ቤቱ ይህን ልጅ «አልተዘጋጀም» ብሎ ሲመዘግብ ያለውን ሀብት እንደ ጉድለት ቆጥሮበታል።

ጉዳዩ ጥቃቅን አይደለም። ግሬግ ደንከንና ባልደረቦቹ የስድስት ረጃጅም ጥናቶችን መረጃ መርምረው በ2007 ባሳተሙት ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከነበራቸው ችሎታ ሁሉ የኋላ ውጤታቸውን አጥብቆ የሚያመለክተው የሒሳብ ዕውቀታቸው ሆኖ ተገኝቷል፤ ንባብ ቀጥሎ ይመጣል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሚዛን ከተዛባ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚቀርብለት ትምህርት ሁሉ የተዛባ መነሻ ይኖረዋል። መቁጠር የሚያውቅ ልጅ መቁጠርን እንደ አዲስ ሲማር አንድ ዓመት ያልፍበታል። ይህ ልጅ የጎደለው የቁጥሩ የእንግሊዝኛ ስም ነው፤ ስሙን ማስተማር ደግሞ ቁጥሩን ከማስተማር እጅግ ያጠረ ሥራ ነው።

በንባብ የሚጠፋው ዕውቀት

የንባብ ቅድመ ምዘና ከሚመለከታቸው ችሎታዎች ዋነኛው የድምፅ ግንዛቤ ነው፦ ቃል ከክፍሎች እንደተሠራ መስማት፣ ክፍሎቹን መነጣጠል፣ መልሶም ማገጣጠም። ልጁ ሥዕሎች ይቀርቡለትና ከ«ፋን» ጋር ቤት የሚመታው የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል። ጥያቄው ጆሮውን የሚፈትን ይመስላል፤ የሥዕሎቹን የእንግሊዝኛ ስም ለማያውቅ ልጅ ግን የቃላት ፈተና ነው። በእንግሊዝኛ «ቲኤች» የሚወክለው ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ልጁ «ስ» ወይም «ዝ» ብሎ ቢመልስ ድምፁን መለየት ተስኖት ላይሆን ይችላል፤ በቋንቋው ያለውን ቅርብ ድምፅ ተጠቅሞ ይሆናል። መዛኟ አማርኛ የማታውቅ ከሆነ ይህን ልትለይ አትችልም።

ያው ችሎታ በአማርኛ ሲለካ ምን እንደሚመስል ማየት ይበጃል። «ወንበር» ከሚለው ቃል «ወን» ሲወጣ ምን ይቀራል? ልጁ «በር» ካለ ቃልን ከፍሎ መስማት ይችላል። «ቤት» እና «ቡና» በምን ድምፅ ይጀምራሉ? ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ እንደሚጀምሩ ካወቀ፣ ፊደል ገና ያልቆጠረ ቢሆን እንኳ፣ ለማንበብ የሚያስፈልገው ጆሮ አለው። ፊደል የቆጠረ ከሆነ ደግሞ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ ሲወርድ አንዱ ድምፅ ጸንቶ ሌላው እንደሚለዋወጥ በዓይኑም በጆሮውም አይቷል። ይህ ዕውቀት አንድ ጊዜ ከተገኘ በሌላ ቋንቋ እንደገና ከባዶ አይጀመርም። ጂም ከሚንስ በ1979 ያቀረበው የቋንቋዎች መደጋገፍ ሐሳብ ዋና ነጥቡ ይህ ነበር፤ የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2017 ያወጡት ሰፊ ሪፖርትም በሁለት ቋንቋ ማደግ ሕፃናትን እንደሚያደናግር ወይም አንዱን ቋንቋ እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል።

ሁለት ስሕተቶች፣ አንድ ምንጭ

በእንግሊዝኛ ብቻ የሚደረግ ምዘና በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይሳሳታል። የመጀመሪያው ስሕተት ችግር የሌለበትን ልጅ ችግር አለበት ማለት ነው። ልጁ በዝቅተኛው ቡድን ይመደባል፤ የሚያውቀውን እየደጋገመ ይማራል፤ ወላጆቹም ወደ ኋላ እንደቀረ ይነገራቸዋል። የተደናገጡ ወላጆች የሚወስዱት የመጀመሪያ እርምጃ አማርኛውን ማቆም ይሆናል። አቀላጥፈው ሊያወሩት፣ ተረት ሊነግሩት፣ ሊያስቆጥሩት የሚችሉበትን ቋንቋ ትተው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያነጋግሩታል። ልጁ በቤት ያገኘው የነበረው የበለጸገ ንግግር ይቀርበታል፤ ኪሳራው በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ሁለተኛው ስሕተት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ጉዳቱ ግን ይብሳል። የእውነት የንባብ ችግር ያለበት፣ ለምሳሌ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ «እንግሊዝኛ ገና ስላልለመደ ነው፤ ይጠብቅ» ይባላል። መምህራኑ ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም፤ በእጃቸው ያለው መለኪያ የቋንቋ አለመልመድን ከንባብ ችግር ሊለይላቸው ስለማይችል ነው። ልጁ አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን እየጠበቀ ያልፋል። ቀድሞ የመለየት ሕጎች የወጡት ይህን መጠበቅ ለማስቀረት ነበር።

በሁለቱም ቋንቋ የተደረገ ምዘና ሁለቱን ልጆች ይለያቸዋል። አማርኛ አቀላጥፎ እየተናገረ «ወንበር»ን በሁለት መክፈል የሚያቅተው ልጅ አስቸኳይ ትኩረት የሚሻ ምልክት አሳይቷል። በአማርኛ ከፍሎ በእንግሊዝኛ የሚያቅተው ልጅ የሚያስፈልገው የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። አሁን ባለው አሠራር ሁለቱ ተመሳሳይ ነጥብ ይዘው በአንድ ዝርዝር ላይ ይቀመጣሉ፤ ለሁለቱም የሚሰጠው መፍትሔ ለአንዳቸው አይሆንም።

ሕጉ ወዴት ያመለክታል

ይህ ስሕተት በአሜሪካ ታሪክ አዲስ አይደለም። በካሊፎርኒያ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ በተሰጠ የአእምሮ ፈተና የተነሣ የአእምሮ ዝግመት አለባቸው ተብለው በተለየ ክፍል ተመድበው ነበር። በቋንቋቸው እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ ያ መደብ ፈጽሞ የማይገባቸው ሆነው ተገኙ። ዳያና በካሊፎርኒያ የትምህርት ቦርድ ላይ በሚል ስም የሚታወቀው ክስ በ1970 በስምምነት ሲቋጭ ልጆች በመጀመሪያ ቋንቋቸው እንዲመዘኑ ተወሰነ። ያ መርሕ ወደ ፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ገብቷል፦ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚደረግ ግምገማ፣ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ልጁ የሚያውቀውንና የሚችለውን በትክክል ሊያሳይ በሚችል ቋንቋና መልክ እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል።

በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በላው እና ኒኮልስ ክርክር ላይ የማይረዱትን ትምህርት ለተማሪዎች ማቅረብ እኩል አያያዝ እንዳልሆነ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ያወጣው የእኩል የትምህርት ዕድል ሕግም ትምህርት ቤቶች የቋንቋ እንቅፋትን ለማስወገድ ተገቢ እርምጃ እንዲወስዱ ግዴታ ጥሏል። የ2015ቱ የፌዴራል የትምህርት ሕግ ግዛቶች በብዛት የሚነገሩ ሌሎች ቋንቋዎችን ለይተው በእነርሱ ምዘና ለማዘጋጀት የሚቻላቸውን ጥረት ሁሉ እንዲያደርጉ ይላል። ይህ ድንጋጌ ግን የሚመለከተው ግዛት አቀፍ ዓመታዊ ፈተናዎችን ነው፤ የንባብና የሒሳብ ዓመታዊ ፈተና ደግሞ የሚጀምረው በሦስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚችሉ የሚለካው ፈተና በበኩሉ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አለ፤ እርሱ በእንግሊዝኛ መሆኑም ተገቢ ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው የመዋዕለ ሕፃናቱ የንባብና የሒሳብ ምዘና ነው። ክፍተቱ እዚህ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው ሞዴል በመንግሥት እጅ አለ። የሄድ ስታርት ደንብ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ የቋንቋ ችሎታው በእንግሊዝኛም በቤቱ ቋንቋም እንዲመዘን፣ ሌሎች ችሎታዎቹ ደግሞ ዕውቀቱን በተሻለ በሚያሳይ ቋንቋ እንዲለኩ ያዝዛል። ይህን የሚያከናውነው ብቁ የሆነ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ሠራተኛ፣ ተቋራጭ ወይም አማካሪ ነው። ተፈልጎ ካልተገኘ አስተርጓሚ ከሠለጠነ ሠራተኛ ጋር ይሠራል። አስተርጓሚም ከሌለ ምዘናው በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጊዜ ሂደት የተደረገ ክትትልና ከቤተሰቡ በቋንቋቸው የተሰበሰበ መረጃ ሊታከልበት ግድ ነው። የአቅም ልዩነትን ያገናዘበ ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ አሠራር ነው፤ ማንም ሊፈጥረው አይጠበቅበትም፤ መቅዳት ብቻ ነው የቀረው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ብሎ ሰይሞ የ2000ውን የቋንቋ ተደራሽነት ትእዛዝ ሽሯል። አንዳንድ ኃላፊዎች ይህን እንደ ማምለጫ ሊጠቅሱት ይችላሉ። የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ግን ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ አይሽርም፤ የግዛት ምክር ቤት ለትምህርት ቤቶቹ የተሻለ ደረጃ እንዳያወጣም አይከለክልም። የፌዴራሉ ድጋፍ በሳሳ ቁጥር የግዛቶች ኃላፊነት ይከብዳል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«በመቶ ቋንቋ መመዘን አይቻልም» ይባላል። ማንም በመቶ ቋንቋ የታተመ ፈተና አልጠየቀም። የሄድ ስታርት ደረጃዎች ለትንሹም ለብዙውም ቋንቋ መልስ አላቸው። አማርኛን በመሰለ ብዙ ተናጋሪ ባለው ቋንቋ ደግሞ ሥራው ከባዶ አይጀመርም። የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ መለኪያ የሆነው «ኤግራ» በ2010 በኢትዮጵያ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የቅድመ መደበኛ ሕፃናትን የንባብና የቁጥር መነሻ የሚለካው «አይዴላ» በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ያለው አስተማማኝነት ተጠንቶ በ2017 ታትሟል። እነዚህ መሣሪያዎች እንዳሉ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ወደ አሌክሳንድሪያ አይዛወሩም፤ እዚህ የሚያድገው ልጅ ፊደል ላይቆጥር፣ በአማርኛ ተረት እያወራ በእንግሊዝኛ ሊቆጥር ይችላል። ቢሆንም በአማርኛ መመዘን እንደሚቻል አረጋግጠዋል።

«ሕፃናት ይጫወቱ እንጂ አይፈተኑ» የሚለው ተቃውሞ ልብ ያለው ነው። ነገር ግን ምዘናው በሕግ ተደንግጓል፤ ውሳኔም እየተሰጠበት ነው። የሚቀረው ጥያቄ ትክክል ይሁን ወይስ ስሑት የሚለው ነው። በቁልፍ ቆጠራና በቃል ጨዋታ መልክ የሚሰጥ አጭር የአማርኛ ምዘና ልጁን ከአላስፈላጊ ተደጋጋሚ ፈተና ያድነዋል።

«የሚያስፈልጋቸው እንግሊዝኛ ነው፤ ወላጆቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው» የሚለውም እውነት አለበት። ወላጆች ልጃቸው እንግሊዝኛ አቀላጥፎ እንዲያነብ ይፈልጋሉ፤ ትክክልም ናቸው። እዚህ የቀረበው ጥያቄ ግን የማስተማሪያ ቋንቋው ይቀየር የሚል አይደለም። መምህሯ ልጁ የሚያውቀውን ካወቀች ጊዜዋን በሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ላይ ታውላለች።

የማኅበረሰቡ ድርጅቶች ድርሻ

ወቀሳው ለትምህርት ባለሥልጣናት ብቻ አይደለም። የማኅበረሰብ ድርጅቶችና ተሟጋቾች የአማርኛን ጉዳይ በአብዛኛው የቅርስ ጉዳይ አድርገው ያቀርቡታል። ልጆች የአገር ልብስ ለብሰው መዝሙር የሚያቀርቡበት በዓል አዳራሽ ይሞላል፤ የንባብ ምዘና ደንብ የሚወሰንበት የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር አዳራሽ በቅዳሜና በእሑድ የሚሰጠው የፊደል ትምህርት ትልቅ ሀብት ሆኖ ሳለ የልጁ የሰኞ መምህር አታውቀውም፤ የሚነግራትም የለም። አማርኛ የበዓል ልብስ ብቻ ሆኖ ከቀረ ሕግ አውጪዎች እንደዚያው ያዩታል፦ የሚያምር፣ ግን የማያስፈልግ።

ጥያቄው ለአማርኛ ብቻ መቅረብም የለበትም። ከኢትዮጵያ ከመጡ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። ለአንዱ ልጅ ፍትሕ የሆነው ለሌላውም ፍትሕ ነው፤ ሕግ አውጪ ፊት በጋራ የቀረበ ጥያቄም የበለጠ ይደመጣል።

ምክረ ሐሳቦች

1. በየግዛቱ የንባብ ቅድመ ምዘና ሕግ ላይ የሚከተለው አንቀጽ ይጨመር፦ «በቤቱ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚነገርለት የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ የንባብና የሒሳብ መነሻ ችሎታው በእንግሊዝኛና በቤቱ ቋንቋ ይመዘናል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ በተገኘ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ምደባ ወይም ድጋፍን የማዘግየት ውሳኔ አይሰጥም።»

2. የቤት ቋንቋ መለኪያ በሌለበት የሄድ ስታርት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይፈጸሙ፤ የትኛው ደረጃ እንደተፈጸመና ለምን እንደሆነ በልጁ መዝገብ ላይ ይጻፍ።

3. ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ በጋራ የአማርኛ የቃል ምዘና ያዘጋጁ። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናን ብዙ ግዛቶች በዊዳ ኅብረት አማካይነት በጋራ እንደሚጠቀሙ ሁሉ ወጪውን መካፈል ይቻላል። መለኪያው እዚህ በሚያድጉ ልጆች ላይ ተሞክሮ ይጽና።

4. ልጁ በአንዱም ቋንቋ ይሁን በሌላው ያሳየው ዕውቀት ይቆጠርለት። እስከ አሥር በአማርኛ፣ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የሚቆጥር ልጅ ሁለት ግማሽ ነጥቦች ሳይሆን አንድ ሙሉ ውጤት ይሰጠው።

5. መዛኞች ይሠልጥኑ፤ ይከፈላቸውም። ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ ወላጅ ወይም በአጋጣሚ የተገኘ የጽዳት ሠራተኛ አስተርጓሚ እንዲሆን አይጠየቅ።

6. ዲስትሪክቶች በየቤት ቋንቋው ስንት ልጆች እንደተመዘኑ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስንቶቹ ችግር አለባቸው እንደተባሉና ስንቶቹ ድጋፍ እንዳገኙ የግለሰብን ማንነት በማይገልጽ መልክ በየዓመቱ ያሳውቁ።

7. ለወላጆች የሚላከው የውጤት ደብዳቤ ምዘናው በምን ቋንቋ እንደተሰጠ ይግለጽ፤ የቤታቸውን ቋንቋ መናገራቸውን እንዲቀጥሉም ያበረታታ።

ለምክር ቤት አባላት ሠራተኞች

የትምህርት በጀትም ሆነ የንባብ ሕግ አፈጻጸም በኮሚቴ ሲታይ ለዲስትሪክት ኃላፊዎች ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይገባል። ባለፈው ዓመት በመዋዕለ ሕፃናት ምዘና ችግር አለባቸው ከተባሉት ልጆች በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩት ስንት ናቸው? ከእነዚህ ውስጥ በቤታቸው ቋንቋ የተጠየቁት ስንቶቹ ናቸው? ያልተጠየቁት ልጆች ችግራቸው የንባብ ይሁን የቋንቋ ዲስትሪክቱ በምን አወቀ?

ሦስተኛውን ጥያቄ በማስረጃ መመለስ የማይችል ዲስትሪክት ልጆቹን መዝኛለሁ ሊል አይችልም። እነዚያ ልጆች በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል ይገባሉ፤ ያልተጠየቁት ዕውቀትም እንደሌለ ተቆጥሮ አብሯቸው ይሻገራል። የሕጉ አንቀጽ አጭር ነው፤ ሞዴሉ በሥራ ላይ ነው፤ የሚቀጥለው የምክር ቤት ጉባኤ ሊያጸድቀው ይችላል።